ስም የማይጠራባት ደሴት

ሰው የማይኖርባት ደሴት ላይ ስትወርድ ስምህን መርከቡ ላይ ትተህ ነው የምትወርደው። ይህን ያልሰማ የላሙ ወደብ መርከበኛ የለም። እዚያ የሚኖሩት ጂኒዎች ጉሮሮ አላቸው እንጂ እጅ የላቸውም ይባላል። የሰሙትን ድምፅ ሁሉ ያስመስላሉ፤ የወንድምህን፣ የሚስትህን። ስምህን ካገኙ ደግሞ በስምህ ይጠሩሃል፤ ተከትለህ ትሄዳለህ፣ በዚያው ትቀራለህ። ስለዚህ እኛ እዚያ ስንፈላለግ አንጣራም፤ እናንኳኳለን። የሚፈልግ ሦስት ጊዜ ይመታል፣ የሰማ ሁለት ጊዜ ይመልሳል። ለማንኳኳት እጅ ያስፈልጋላ! የዛሬ ልጆች ይህን ስናገር ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ኮምቦ መልሼ የምስቅበት ጥርስ እንኳ አልቀረኝም።

በዚያ ጉዞ የመርከቡ ወጥ ሠሪ ነበርኩ። የደረቀ ዓሣና ምንጣፍ ጭነን በሰሜኑ ነፋስ ከላሙ ወደ ማጁንጋ ወደብ ወረድን። እንወርዳለን ብለን ነበር ማለት ይሻላል። ነፋሱ መንገድ ላይ ጥሎን ጠፋ፤ እንደ ተጎለተ ድስት ባሕሩ መሐል ተቀመጥን። ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ ያጠራቀመውን ቁጣ ይዞ መጣና ማዕበሉ ጨው ውኃ በመጠጥ ውኃችን ላይ ገለበጠብን። ሩዙን በምን ልቀቅለው? ናኾዳው፣ የመርከባችን አዛዥ ኩፒ ማለቴ ነው፣ «አንተ ምን ቸገረህ፣ ጨው ተረፈህ» ብሎ ቀለደብኝ። ወላሂ፣ ያን ዕለት በጭልፋዬ ልለው ምንም አልቀረኝ።

ከእኛ ጋር ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ላሊና ፋማው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ታላቁ ላሊ ደረተ ሰፊ፣ ጉረኛ፣ ድምፁ የጉድ። ሸራ ሲሰቀል የሚያዜም እሱ ነው፤ እሱ ያወጣል፣ እኛ እየተቀበልን እንጎትታለን። ድምፁ ከመርከብ መርከብ ይሰማል። ታናሹ ፋማው ደግሞ ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ መሬት ላይ ገመድ ሲገምድ የኖረ፣ አዲስ ሙሽራ። ረጅም ጉዞ ሲሄድ የመጀመሪያው ነው። ላሊ የነገረውን እንደ ቁርኣን ቃል ይቀበላል። ላሊ «ዓሣው ዛሬ ጨው ጎደለው» ካለ ፋማውም ቀምሶ ሳይጨርስ «ጎደለው» ይላል። አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር።

አባታቸውን ባሕር ነው የበላው። ስንነሳ እናታቸው ምዋናሻ እስከ ውኃው ዳር ድረስ መጣች። ሌላው ሰው ሲያለቅስና ሲመራረቅ እሷ አላለቀሰችም፤ የላሊን ሸሚዝ በደረቱ ላይ ጨምድዳ ያዘችና ሁላችንም ፊት፣ «ሁለት ሆናችሁ ሄዳችሁ አንድ ሆነህ እንዳትመጣብኝ። ብቻህን ከመጣህ ደጄን አትርገጥ» አለችው። ላሊ ሳቀ፤ «እንኳን እሱን ጥላውንም እመልስልሻለሁ» አላት። እሷ አልሳቀችም።

ውኃ ወዳለባት ሰው አልባ ደሴት መቃረባችንን ስናውቅ ላሊ ወንድሙን አጠገቡ አስቀምጦ ሕጉን ያስተምረው ጀመር። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ እሰማለሁ። በስም የሚጠራህ ከእኛ አንዱ አይደለም አለው። የናኾዳው ድምፅ ቢሆን፣ የኮምቦ ድምፅ ቢሆን፣ የእናታችን ድምፅ ቢሆን አትመልስ፤ አንተም ድምፅህን አታሰማ፤ አንኳኳ ብቻ። ፋማው ፈገግ ብሎ ሰማውና ጠየቀው።

«አንተ ራስህ ረስተህ ብትጠራኝስ?»

«እኔ?» ላሊ እንደ መቆጣት አለ። «እኔ ብረሳ አንተ አትርሳ። የኔን ድምፅ ከሰማህማ ባሰ! እዚያው ባለህበት ቁጭ ብለህ ጆሮህን ድፈን። እስኪሄድ ድረስ እንዳትነቃነቅ።»

«እሺ፣ ጉሮሮህን ብትሰነጥቅ አልመልስልህም» አለ ፋማው፤ ሁላችንም ሳቅን። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

ደሴቷን በማለዳ አገኘናት። ወደ ውስጥ የሚያስገባ ጥሩ ወደብ የላትም፤ ማዕበሉ የሚሰበርበት የኮራል ድንጋይ ዙሪያዋን ቀለበት ሠርቶ ያጓራል። ናኾዳው ከቀለበቱ ውጭ መልሕቅ ጣለና ፊቱ ተቋጠረ። ነፋሱ ከዞረ መርከባችን ድንጋዩ ላይ እንደ ዕቃ ተሰባብሮ ይቀራል፤ እሱ የፈራው ይህን ነው፤ ልክ ነበር። ውኃው ይጠጣ እንደሆነ ለይቶ የሚቀምስ ወጥ ሠሪው ነውና እኔም በትንሿ ጀልባ ወረድኩ። የሩዝ መውቀጫ ዘነዘናዬንና አንድ የእንጨት ባልዲ አስያዙኝ፤ ከዚያ የሚበልጥ የሚጮህ እንጨት መርከቡ ላይ አልነበረም። «ከበሮ መቺው መጣ» እያሉ ዘበቱብኝ።

ከዳር ሲያዩዋት ያማረች ናት። ነጭ አሸዋ፣ የኮኮናት ዛፍ። ውስጧ ሲገቡ ግን የኮራል ድንጋይ ነው፣ ጫማ የሚበላ፣ እንደ ቢላዋ የሰላ፤ በመሐሉ ጉድጓድ አለ፣ በላዩ ሐረግ ስለተጠላለፈበት እግርህን ካልሰደድክ በቀር አታየውም። ባሕሩ ከሥር ለሥር እየገባ አንዳንዱን ጉድጓድ ይሞላዋል፣ ደግሞ ያጎድለዋል። ሙቀቱ ያፍናል። የዛፍ ቅጠል በሸርጣን ይንኮሻኮሻል፤ የሰው ኮቴ ይመስላል፤ ዞር ስትል ማንም የለም። እኔስ ከምድጃዬ ርቄ መሄድ አልወድም። ፋማው ግን እንደ ሕፃን ደስ ብሎት ነበር። በሬ የሚያህል ዔሊ አይቶ በምልክት አሳየን። ከዚያ ልጡ እንደ ሐር የሚላቀቅ ዛፍ አገኘና ቆመ። አንድ ጭረት ላጠ፣ በጣቶቹ መሐል ገመደው፣ ጎተተው፣ አልበጠስ አለ። ለላሊ አሳየው። ላሊም «በል ና» በሚል እጁን አወናጨፈ፤ ፋማው «ቅደሙ፣ እደርሳለሁ» ብሎ በእጁ መለሰ። ሄድን። ቀኑ ብሩህ ነበር፣ መንገዱም አጭር፤ ማን ምን ይጠረጥራል?

ኩሬውን ደሴቷ መሐል አገኘነው። ቀመስኩት። ቅጠል ቅጠል ይላል እንጂ ጣፋጭ ነው። እየተመላለስን ስንቀዳ ፋማው አልደረሰም። ስንመለስ ከዛፉ ሥር የተላጠ ልጥ ነበር፤ እሱ ግን አልነበረም። ጀልባው ዘንድ ሄዷል ብለን ጀልባው ዘንድ ሄድን። እዚያም የለም።

ባልዲዬን ደፍቼ በዘነዘና መታሁ። ሦስት። ጆሮ ሰጠን። የማዕበሉ ጩኸት ብቻ። እየተራመድኩ መታሁ፣ እየቆምን አዳመጥን፣ እስኪመሽ ድረስ፣ ክንዴ እስኪዝል። አንድ ጊዜ ብቻ ከሩቅ ኳ ኳ ያለ መሰለኝ፤ ሶሞ የሚባለው ሽማግሌው መርከበኛ ደግሞ «ሸርጣን ነው» አለ፤ ነፋሱም ወዲያው ወሰደው። ያን ሌሊት ላሊ መርከቡ ላይ አልወጣም፤ አሸዋው ላይ አደረ።

በማግሥቱ ደሴቷን በእግር አሰስን። የምንችለውን ያህል ተራርቀን፣ በሹል ድንጋይ እግራችን እየደማ። ዛፍ ሥር የቢላዋ ምልክት እናገኛለን፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ የተላጠ ዛፍ፣ ደግሞ ሌላ። የተሻለ ልጥ እያየ ሲሄድ ነው የጠፋው፤ የገመድ ሰው ነዋ። ከዚያ ምልክቱ አንድ የድንጋይ ጉብታ አጠገብ አለቀ። ዙሪያውን ሁሉ ሐረግ ነው። ቀትር ላይ ናኾዳው ከመርከቡ መጣና ነፋሱ እየዞረ ነው፣ ከነገ ጠዋት በላይ አልቆይም አለ። ስለ ሁላችንም ነው የተናገረው፤ ቢሆንም ያን ሰዓት ጠላሁት።

ላሊ ጉብታው ላይ ወጣ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ከመናገሩ በፊት ገባኝ፤ ድምፁ ከዘነዘናዬ አሥር እጥፍ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

«እጠራዋለሁ» አለ።

«አታደርገውም» አለ ናኾዳው። «ስሙን ሰጠሃቸው ማለት ራሱን ሰጠሃቸው ማለት ነው።»

«ስሙን ይውሰዱ! የኔንም ይውሰዱ። እናቴ ስሙን አይደለም አምጣ ያለችኝ።»

ላሊ በሁለት እጁ አፉን ከልሎ «ፋማው!» ብሎ ለቀቀው። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው አልባ ደሴት ላይ የሰው ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ወፎቹ ከዛፍ ዛፍ ተነሱ። ደግሞ ጠራው። ደግሞ። ሸራ ስንሰቅል የሚያዜምበት ያ ድምፅ ወንድሙን እየጠራ ሲለምን መስማት፣ አላህ ለጠላቴም አይስጠው። ድምፁ ሲሰነጠቅ አንጀቴን በላው። መጀመሪያ ሶሞ አብሮት ጠራ፤ ያ ሕግ አዋቂው ሶሞ! ከዚያ ሌላው። ከዚያ እኔ። ዘነዘናዬን ብብቴ ሥር ሸጎጥኩና በሁለት እጄ አፌን ከልዬ ጮህኩ። በመጨረሻ ናኾዳው ራሱ ጮኸ። እዚያ ጉብታ ላይ ተሰብስበን፣ ዕንባችን እየወረደ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ «ፋማው፣ ፋማው» አልን። ደግ የሠራን መስሎን ነበር። እንዲያውም ቀለል ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ባልዲውን የመታ ግን አልነበረም።

ማንም አልመለሰልንም። ውኃው እየሞላ መጣ፤ ጨረቃ የጠፋችበት ሰሞን ስለነበር ባሕሩ ከወትሮው በላይ ከፍ ብሎ፣ ከጉብታው ሥር በድንጋዩ ውስጥ ሲንኮለኮል ይሰማን ነበር። ወደ አሸዋው ተመለስን።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጠዋት ናኾዳው «ለመጨረሻ አንድ ጊዜ እዩ፣ ከዚያ እንሄዳለን» አለን። ላሊ ድምፁ ጨርሶ ተዘግቷል፤ በሹክሹክታ እንኳ አይወጣለትም። እኔና እሱ ወደ ጉብታው ሄድን። ውኃው ጎድሏል። ከጉብታው ሥር፣ ትናንት ከቆምንበት ምራቅ ብትተፋ የሚደርስበት ቦታ፣ ሐረግ መሐል አንድ ሥር ላይ የተቋጠረ አዲስ ገመድ አየሁ። ከልጥ የተገመደ፣ ጥብቅ፣ ያማረ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ላሊ ሐረጉን በእጁ በጣጥሶ ገለጠው።

ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። የገመዱ ሌላው ጫፍ በብብቱ ሥር ታስሯል፤ ውኃው ሲመጣ ጭንቅላቱን ከፍ አድርጎ እንዲይዝለት ነው። ውኃው ግን ከገመዱ በላይ ሄዷል። አንድ እግሩ ተሰብሮ ነበርና በሁለት ቁራጭ እንጨትና በልጥ ራሱ አስሮታል። አጠገቡ ከፍ ያለ የድንጋይ ደፍ ላይ ሁለት ጠጠሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አነሳኋቸው። የተጋጩበት ጎናቸው ነጭ ዱቄት ሆኗል። ስናንኳኳ ሲመልስልን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሸርጣን ነው ያልነው እሱ ነበር።

ስናወጣው ጥምጣሙ በአገጩ ሥር ዞሮ ጭንቅላቱ ላይ ጠብቆ ታስሮ ነበር፤ ጥርሱን አሞት ይሆን አልኩ፣ ሞኝ ነኝ። ላሊ ቋጠሮውን ፈታው። ጆሮዎቹ በልጥ ተደፍነዋል። ደህና አድርጎ፣ ምንም እንዳያስገባ፣ የገመድ ሰው በሚችለው ጥንቃቄ። ትናንት እኛ ከላዩ ቆመን ስሙን ስንጠራ እሱ ከሥራችን ጠጠሮቹን አስቀምጦ፣ ጆሮውን ደፍኖ፣ ላሊ እንዳስተማረው ሳይነቃነቅ እስክንሄድ ጠበቀ። ከሰማው ድምፅ ሁሉ የወንድሙ ድምፅ ሳይብስበት አልቀረም።

ላሊ ልጡን ከጆሮው በቀስታ አወጣው፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ እንዳያመው የሚፈራ ይመስል። አላለቀሰም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። «ላሊ፣ ሕጉን በደንብ ነው የጠበቀው» አልኩ፤ ምን እንዳስባለኝ አላውቅም፣ ምላሴን በቆረጠው። ላሊ አየኝ።

ፍለጋ በመጣንለት ውኃ አጠብነው። ነፋሱ ጀርባችን ላይ ነበርና ናኾዳው እያጣደፈን፣ ግን አንዲት ነገር ሳናጎድል ቀበርነው። ራስጌው የመርከቡን አንድ ሳንቃ ተከልን። ሶሞ ጸሎቱን አደረሰ። ከቀብር በኋላ ሟቹን በስሙና በእናቱ ስም ጠርቶ የመቃብሩ መልአክ ሲጠይቀው የሚመልሰውን ማስታወስ በአገራችን ወግ ነው። ሶሞ እዚህ ሲደርስ ቆመ፤ ስሙን አፉ አልደፍር አለ። ናኾዳው ወደ ላሊ ዞረና ትከሻውን ያዘው።

«አሁን ጥራው፣ ልጄ። አሁን ተፈቅዷል።»

ላሊ አፉን ከፈተ። አንድም ድምፅ አልወጣም። መልሶ ዘጋው። ከዚያ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ዘነዘናውን እንደሚፈልግ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰጠሁት። ተንበረከከና ሳንቃውን መታ፤ ሦስት ጊዜ፣ አለዝቦ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። እኛም አብረነው ጠበቅን። ማዕበሉ እንኳ ጋብ ያለ መሰለኝ። ናኾዳው ራሱ፣ ያ ነፋስ አሳዳጁ ሰውዬ፣ እንሂድ አላለም። ላሊ ነው በራሱ ጊዜ የተነሳው።

ሸራውን ያለ ዜማ ሰቀልን። ያለ ዜማ ሲጎተት ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ከወራት በኋላ ላሙ ስንመለስ ላሊ ከመርከቡ አልወረደም፤ ዕቃ ማራገፊያው ላይ ሆኖ ከእናቱ ቤት በኩል ያለውን መንገድ ሲያይ ቆየ፣ ከዚያ ወደ ሌላ መርከብ ተሻገረ፤ ወደ ሰሜን የሚሄድ። ያን የልጥ ገመድ ምዋናሻ ዘንድ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ደጇ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁሉን ነገርኳት፣ ጉድጓዱን፣ እግሩን፣ ውኃውን። የጆሮውን ልጥ ግን ዘለልኩት። ገመዱን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ ስትዳብስ ቆየች።

«ላሊ አልፈለገውም?» አለችኝ።

«እንዴት አይፈልገው፣ እናቴ! ጉሮሮው እስኪዘጋ ጠራው እኮ።»

ጣቷ ገመዱ ላይ ቆመ።

«በስሙ?» አለችኝ።

ልዋሽ ነበር። አፌ አልታዘዘኝም። «በስሙ» አልኳት። ምዋናሻ የመርከበኛ ልጅ ናት፣ የመርከበኛ ሚስት ነበረች። ሕጉን ታውቃለች። ገመዱን ይዛ ተነሳችና ገብታ በሩን ዘጋች።